የካርፕ ሊጥና የእህቴ ባል

እሁድ

«አሁን ገና ወንድ ልጅ አገኘሁ» አለ አባዬ።

ምሳ ላይ ነው። ሁላችንም ባለንበት፣ እጁን ናቲ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ። እማዬ ሳቀች። ቤዛ ባሏን በኩራት አየችው። እኔ ወጥ እያወጣሁ ነበር፤ ጭልፋውን እዚያው ድስቱ ውስጥ ትቼ ጓዳ ገባሁ። ማንም ልብ አላለኝም።

የሆነው ይሄ ነው። ትናንት አባዬ የእህቴን ባል ይዞ ግድቡ ጋ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። እኔ ኬክ ቤት የሰርግ ትዕዛዝ ነበረብኝ። «ሌላ ቅዳሜ ይሁን፣ አንቺ ሲመችሽ» ይላል ብዬ ነበር። ጭራሽ አልጠየቀኝም።

አባዬ ሁለት ሴቶች ነው የወለደው። ታናሼ ቤዛ ትል ስታይ ጩኸቷ ሰፈሩን ያነቃል። እኔ ግን ትል መንጠቆ ላይ መሰካት የቻልኩት ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከ18 ማዞሪያ ታክሲ እንሳፈራለን፤ እሱ ዘንጎቹን፣ እኔ የሊጡን ጣሳ ይዘን። ሰው «ልጅቷን ለምን ታንገላታለህ?» ሲለው «እሷ ናት እኔን የምታንገላታኝ» ይል ነበር። ይሄው ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጣሳውን አሁንም የምይዘው እኔ ነኝ። ነበርኩ።

ናቲ ደግሞ ባዶ እጁን አልሄደም። ወንድሙ ከዱባይ የላከለት የካርፕ ምግብ አለው። ብይ የሚያክል፣ ቀይ፣ እንጆሪ እንጆሪ የሚሸት፣ ፋብሪካ የሠራው። በሱ ሦስት ካርፕ ይዘው መጡ። ያንን ወፍራሙን፣ ባለ ጢሙን፣ ጭቃ እየቆፈረ የሚበላውን ዓሣ። እኔና አባዬ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን አንድ ካገኘን ተባረክን የምንለውን። ሦስት!

ጠብሰን በላነው። ጣፈጠኝ። እሱ ራሱ አናደደኝ።

ሰኞ

ለሀያት ነገርኳት። ሀያት ኬክ ቤት አብራኝ የምትሠራ ናት፤ እሷ ትጋግራለች፣ እኔ አስጌጣለሁ። ክሬም እየመታች ሰማችኝና ማሽኑን አጠፋችው።

«ቀንተሻል» አለች።

«አልቀናሁም።»

«ቲጂ፣ ኬኩን እዪው። ‹መልካም ልደት ልደት› ነው የሚለው።»

አየሁት። እውነቷን ነው። በቢላ ፋቅሁት።

እሺ፣ ቀንቻለሁ። እዚህ ላይ ከጻፍኩት ይበቃል፣ ለሌላ ሰው አልደግመውም። ምክንያቱም ሰው ሁሉ «ታናሿ ቀድማት ስላገባች ነው» ነው የሚለው። አይደለም። በቤዛ ሰርግ ቀን ድምፄ እስኪዘጋ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ባል ለቤዛ ይሁናት። አባቴን ግን ማን ስጧት አላቸው? ስጡት ማለቴ ነው። ለናቲ።

ስለ ናቲ የማልወደው፦ ገና ከመጀመሪያው ቀን አባዬን «አባባ» ማለቱ። ሲስቅ ጭኑን መምታቱ። መኪና ያለው መሆኑ። የአባዬን የጉልበት ሕመም አይቶ የምትታጠፍ ወንበር መግዛቱ፣ ጎኗ ላይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ያላት። ይሄን ሁሉ ዓመት ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ እያየሁ እኔ እንዴት አላሰብኩትም?

መጥፎ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ

እራት ላይ አባዬ «ቲጂ፣ ለቅዳሜ…» ሲል ልቤ ዘለለ። ልንሄድ ነው ብዬ።

«ለቅዳሜ ሊጥ ታዘጋጂልናለሽ? የናቲ ምግብ አልቋል።»

«ለስንት ሰው?»

«እኔና ናቲ፣ ደግሞ ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ሊመጡ ነው። መኪናው ሞላ እንጂ አንቺም… ለነገሩ ቅዳሜ ሥራ አለሽ።»

ሥራ አለሽ! ከሀያት ጋር እየተቀያየርኩ፣ አንዳንዴም ራሴን አመመኝ እያልኩ አብሬው የሄድኩትን ቅዳሜ የሚቆጥረው የለም። «እሺ» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ? ሊጡ ለኔ፣ ግድቡ ለነሱ።

እቃ እያጠብኩ አሰብኩ። ያን የዱባይ ምግብ የሠራው ሰው አይደል? ስልኬን ከፍቼ ቪዲዮ ፈለግሁ። የውጭ አገር ወንዶች ናቸው፣ ጺማቸውን ያጎፈሩ፣ ማዕድ ቤታቸው ቆመው ዱቄትና እንቁላል ያቦካሉ። ያድቦለቡላሉ። የፈላ ውሃ ውስጥ ይጨምራሉ። ያደርቃሉ። ቋንቋቸውን ግማሹን አልሰማሁትም፣ እጃቸው ግን ገባኝ። ይሄማ ኬክ ነው! ለዓሣ የሚሆን ኬክ።

የኛ ሊጥ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ትንሽ ማር ጠብ ይደረግበታል። ጥፋቱ ቶሎ ይሟሟል፤ ካርፑ ሳይደርስ ደቃቃዎቹ ዓሦች ለቅመው ይጨርሱታል። በእንቁላል ተቦክቶ ከተቀቀለ ግን ላዩ ቆዳ ያወጣል። ትንንሾቹ አፋቸው አይችለውም። ትልቁ ብቻ ነው የሚውጠው።

ደስ አለኝ። የቅናት ደስታ ነው፤ ግን ደስታ ነው።

ረቡዕ

ከሥራ ስወጣ መኖ ቤት ገብቼ የኑግ ፋጉሎ ገዛሁ። ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው፣ ከብት የሚያደልቡበት። ካርፕ እንደሚወደው ከቪዲዮው ላይ አይደለም ያገኘሁት፤ ሽታው ራሱ ይናገራል።

ሰውዬው እየመዘነ «ስንት ላም አለሽ?» አለኝ።

«ላም የለኝም።»

«በግ ነው?»

«ዓሣ።»

ሚዛኑን ትቶ አየኝ። ከዚያ ሌላ አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያው ቡኮ፦ የበቆሎ ዱቄት፣ ፋጉሎ፣ ስኳር፣ እንቁላል። አድቦልቡዬ ቀቀልኩት። ሲቀዘቅዝ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። እጄን ጠርጌ ስመለስ ባልዲው ጭቃ ሆኗል።

ሁለተኛው፦ እንቁላል አበዛሁ፣ አፍልቼ አቆየሁት። ድንጋይ ሆነ። ለጎረቤት ውሻ ወረወርኩለት። ነከሰው፣ አየኝ፣ ትቶት ሄደ።

እማዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ይሄ ድስት ከእንግዲህ ወጥ አይሠራበትም።»

«ሌላ እገዛልሻለሁ።»

«ለመሆኑ ምንድነው?»

«የአባዬ ሊጥ።»

«የአባትሽ ሊጥ እንዲህ አይገማም።» አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

ተስፋ ቆርጬ ተኛሁ ማለት ይቻላል። ከመተኛቴ በፊት «ጌታ ሆይ፣ ይሄን ቅናት ከልቤ አንሳልኝ» ብዬ ጸለይኩ። ከልቤ ነው የጸለይኩት። ቀጥዬ ደግሞ ናቲ ቅዳሜ ምንም እንዳይዝ ጸለይኩ። እሱንም ከልቤ።

ሐሙስ

ሀያት አዳነችኝ። ጥፋቴን ስነግራት እየሳቀች «ዱቄትሽ ነው እንጂ እንቁላሉ ምን አደረገ?» አለች። ከበቆሎው ግማሹን አውጥቼ በሱ ፈንታ ሰሞሊና፣ ሻካራውን የስንዴ ዱቄት፣ እንዳስገባበት ነገረችኝ፤ እሱ ይይዛል አለች። «ደግሞ አብሽ ጨምሪበት። አክስቴ አብሽ ስታምስ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያሸታል። ዓሣስ ነፍስ የለውም?»

ማታ ሦስተኛውን አቦካሁ። አብሹን አምሼ ወቅጬ ነፋሁት። በቆሎ፣ ሰሞሊና፣ ፋጉሎ፣ አብሽ፣ እንቁላል፣ ማር። ኬክ ላይ ለማኖረው የማርዚፓን፣ የለውዝና የስኳር ሊጥ፣ ጽጌረዳ እንደማደርገው በመዳፌ አድቦለቦልኩት፤ እጄ ራሱ ያውቀዋል። ወደ ፈላው ውሃ ስጨምራቸው ሰጠሙ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ላይ ብቅ ብቅ ሲሉ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ። ሰፌድ ላይ ጨርቅ አንጥፌ አሰጣኋቸው። አንዱን ባልዲ ውስጥ ጣልኩ። እራት በልተን፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ቡና ጠጥተን ስመለስ እንዳለ ነው። በጣቴ ስጫነው ትንሽ ይረግባል እንጂ አይፈርስም። ቆንጆ!

እዚህ ላይ በሩ ተንኳኳ። ናቲ።

ሰፌዱን በነጠላ ሸፈንኩት።

«ቲጂዬ፣ አልያዝኩሽም? አባባ ሊጥ አሠራር ከሷ ተማር ብለውኝ ነው።»

«ገንፎ ነው በቃ። የበቆሎ ገንፎ።»

«እንዲያ ነው?» ቆሞ አሸተተ። «ምንድነው ደስ የሚል የሚሸተው?»

«አብሽ ነው። እማዬ ጨጓራዋን አሟት…»

ሳሎን ሆና እማዬ «እኔ ደግሞ የት ያለ ጨጓራ ነው?» አለች።

ናቲ ሳቀ፤ ጭኑን መታ። ምንም አልጠረጠረም። ወይም ጠርጥሮ ተወኝ፤ የትኛው እንደሚያናድድ አላውቅም። ሲወጣ «ከኛ ጋር ብትመጪ ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጆቹን ቀድሜ ባልጠራቸው ኖሮ» አለ። እኔም «ኧረ ችግር የለም» አልኩት። ፈገግ ብዬ። አቤት ፈገግታዬ!

ዓርብ

ገንፎውን ሠርቼ ጣሳው ውስጥ አድርጌ ለአባዬ ሰጠሁት። ማሩንም አልቀነስኩም። ጣቱን ነክሮ ቀመሰና «ተባረኪ» አለኝ።

ያታለልኩት ነገር የለም። የጠየቀኝ ገንፎ ነው፣ የሰጠሁትም ገንፎ ነው።

ሀያት ነገ ትሸፍንልኛለች። የኔ ዘንግ አልጋዬ ሥር ነው ያለችው። የደረቁትን እንክብሎች በፌስታል ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ልብሴ ሁሉ አብሽ አብሽ ይላል።

ቅዳሜ

መዳፌ ተልጧል፤ ጽሑፌ ለዚህ ነው የተጣመመው።

ከነሱ ቀድሜ ወጣሁ። እማዬን «ሥራ በጊዜ ነው የምገባው» አልኳት። ከ18 ማዞሪያ ታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ፣ ከዚያ በእግር። ረዳቱ ዘንጌን አይቶ «እህት፣ ይሄ ነገር እንደ ሰው ይከፍላል?» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ።

የአባዬ ቦታ ባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። እኔ ዞሬ ማዶ ሄድኩ፤ ቄጠማው ረዘም ያለበት ቦታ ተቀመጥኩ። እሱን አየዋለሁ፣ እሱ አያየኝም ብዬ ነው። ምን አስቤ እንደሆነ ደህና አድርጌ አላውቅም። ይዤ፣ ተሸክሜ፣ ፊታቸው ላይ ዱብ ላደርገው? እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙም ሳልቆይ መጡ። የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማኝ። ናቲ ወንበሩን ዘረጋ፣ አባዬን እጁን ይዞ አስቀመጠው፣ መንጠቆው ላይ ሊጡን አደረገለት። የኔን ሊጥ! ከዚያ አንድ ነገር አለው፤ ምን እንዳለው እንጃ። አባዬ ሳቀ። ውሃ ድምፅ ያመጣል። ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ኮፍያው ወልቆ እስኪወድቅ ሳቀ።

እኔ ጋ እንዲህ ስቆ አያውቅም። እኔና አባዬ ግድብ ስንሄድ አናወራም። እሱ ውሃውን ያያል፣ እኔ ውሃውን አያለሁ፣ ሲመሽ እንመለሳለን። ዝምታው ለሁለታችንም የሚመቸን ነበር የሚመስለኝ። እስከ ዛሬ እየሰለቸው ኖሮስ? እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ። ዘንጓን በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ ንፍጤን በትከሻዬ እየጠረግሁ።

እነሱ ጋ ምንም የለም። ሊጡን ደቃቃዎቹ እየበሉባቸው ናቲ በየደቂቃው ይለጥፋል። ጸሎቴ ተሰምቷል አልኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አላለኝም፤ አባዬም ባዶውን ነዋ።

እኔ ጋም ረዥም ሰዓት ምንም የለም። ፀሐይ ከፍ አለች። እንክብሉ ወድቆ ይሆን ብዬ ሳወጣው እንዳለ ነው። መልሼ ወረወርኩት። ልተወው፣ ሳያዩኝ ልሂድ ብዬ ተነሥቼ ቀሚሴን እያራገፍኩ እያለ ዘንጓ ከእጄ ልትሄድ ነው!

ስቤው የማላውቀው ክብደት ነው። አንዴ ወደ ጥልቁ ይሄዳል፣ አንዴ ወደ ቄጠማው። አባዬ «አትታገይው፤ ይድከመው» የሚለው ጆሮዬ ላይ አለ። ለቀቅሁለት፣ ሳብኩ፣ ለቀቅሁለት። መዳፌ ተላጠ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጀርባው ታየኝ፤ ወርቅማ፣ ሰፊ፣ ትራስ የሚያክል። እግሬ ሥር ደረሰ። እዚህ ላይ ነው የገባኝ፦ ባለ እጀታው መረብ እነሱ ጋ ነው። ዳሩ ደግሞ ገደል ነው፤ ጭቃ። በክሩ ብቻ ወደ ላይ ካነሣሁት ይበጠሳል። ልውረድ ብል እገባለሁ፤ ዋና አልችልም።

ልተወው አሰብኩ። ማንም አላየኝም፣ ይዣለሁ፣ ልልቀቀውና ወደ ቤቴ ልሂድ። ወይም ልጩህ።

«አባዬ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞሩ። አባዬ ከወንበሩ ተነሣ። ጉልበቱ ግን የት ያደርሰዋል? ናቲ መረቡን አንሥቶ ሮጠ። በግድቡ ዙሪያ፣ በዚያ ሁሉ ድንጋይ፣ ለቤተ ክርስቲያን በሚያደርገው ጫማ። አንዴ ሲወድቅ አየሁት። ተነሥቶ ሮጠ። ደርሶም «ምን እያደረግሽ ነው?» አላለኝ፣ «መቼ መጣሽ?» አላለኝ። ዳሩን ተንሸራቶ ወርዶ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገባ።

«ወዴት ላድርገው? ቲጂ፣ ንገሪኝ!»

«ከሥሩ! ከራሱ በኩል! አትንካው፣ እሱ ይግባልህ!»

ገባለት። መረቡን ለሁለት ጎትተን አወጣነው። ጭቃው ላይ ቁጭ ብለን ዓሣው መሃላችን ይንፈራገጣል። ናቲ እስከ ፀጉሩ ጭቃ ሆኗል፤ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። ሳላስበው ነው። ከዚያ መንጠቆው ላይ የቀረውን እንክብል አንሥቶ አሸተተ።

«ቲጂ፣ ይሄ ገንፎ አይደለም።»

«አይደለም።»

«የእማማ ጨጓራ ነው።»

በሱ መናደድ እንዴት ከባድ ነው!

አባዬ በስተመጨረሻ ደረሰ፤ ከልጆቹ አንዱ ደግፎት። ዓሣውን አየ። እኔን አየኝ፣ ዓይኔ ማበጡን ሳያይ አልቀረም። ከፌስታሉ አንድ እንክብል አውጥቶ አፉ ውስጥ ጨመረና አኘከው።

«አብሽ» አለ።

ናቲን «ልብስህን ቀይር፣ ይበርድሃል» አለው። ለኔ ምንም። ስንመለስ ከኋላ ወንበር በሁለቱ ልጆች መሃል ተጣብቄ ዓሣውን ጭኔ ላይ ይዤ ነው የመጣሁት። አባዬ ከፊት ነው። የማየው ማጅራቱን ብቻ ነበር። ተቆጥቷል? አፍሮብኛል? አላውቅም።

እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ናቲ ግቢው ውስጥ ሰው ሰብስቦ የትናንቱን ይተርካል። ደግሞ ሲያምርበት! ዓሣው አድጓል፣ ውሃው ጠልቋል፣ እኔ ደግሞ ጀግና ሆኛለሁ። «እሷ ባትኖር ባዶ እጃችንን ነበር» እያለ። ሰው ያጨበጭብልኛል፣ አንዲት ሴትዮ አቀፈችኝ። የራሴን ዓሣ እንኳን ከኔ በላይ የሚያወራው እሱ ነው። ይሄም አስቀናኝ። ምን ይሻለኛል?

አባዬ ዳር ቆሞ ያዳምጣል።

ከሰዓት ከእማዬ ጋር ልብስ እያጠፍን ነበር።

«ልጄ፣ ላንቺም ጌታ ጊዜ አለው» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በእህትሽ ትዳር ልብሽ አይጨነቅ።»

«እማዬ፣ ባል አይደለም!»

«ታዲያ ምንድነው? ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ የሆንሽው?»

«አባዬ ነው።» አፌ ቀደመኝ። «ናቲ ከመጣ ወዲህ የለሁም። እኔ የሊጥ ሠራተኛ ነኝ። ወንድ ልጅ አገኘሁ ሲል አልሰማሽም? እኔ ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ነበርኩ?»

እማዬ አንሶላውን እንደያዘች ቀረች። ከዚያ «ለሱ ነግረሽዋል?» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«ልክ አሁን እንዳልሽው።»

አንሶላውን ተቀብያት አጠፍኩት።

ሰኞ

እማዬ ነግራዋለች። ገና ከሥራ ስገባ ከፊቱ አወቅሁት። እንደ በቀደሙ አልሸሸኝም፣ ግን ደግሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

እራት ሳይቀርብ ማዕድ ቤት መጣ። አባዬ ማዕድ ቤት! በርጩማ ስቦ ተቀመጠና እጅጌውን ሰበሰበ።

«የሚድቦለቦል አለ?»

አልነበረም። ግን አለ አልኩትና አቦካሁ። ዱቄቱን ስለካ፣ አብሹን ስነፋ ያየኛል። ሊጡን ቆርጬ ሰጠሁት። የሱ እንክብሎች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ሽምብራ። እንደገና አስተካከልኳቸው፤ ሳያየኝ።

ብዙ ከቆየን በኋላ «ከጠዋት ጀምሮ አይቼሽ ነበር» አለ።

«የት?»

«ማዶ። ገና ከመኪናው ስወርድ። ቄጠማው ሥር ሆነሽ ስትወረውሪ አየሁ። እንደሱ ክንዱን ወደ ጎን አድርጎ የሚወረውር እኔና አንቺ ብቻ ነን።»

እጄ ሊጡ ውስጥ ቀረ።

«ታዲያ ለምን አልጠራኸኝም?»

«ምን ብዬ? አዲስ ነገር ልትሞክሪ እንደመጣሽ ገባኝ። ሳትይዢ ብጠራሽ ትናደጂብኝ ነበር።» ሌላ እንክብል አድቦለቦለና «ዓይኔ ግን አንቺ ላይ ነበር። ናቲ ሁለቴ ዓሣ ክሩን ጎትቶ አመለጠዎት አለኝ፤ አላየሁም» አለ።

ማልቀስ አልፈለግሁም፤ የአብሹ ዱቄት ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ታጠብኩ።

«ናቲ ያስቅሃል» አልኩት ጀርባዬን ሰጥቼ።

«ያስቀኛል።» አልካደም። «ወሬኛ ነው። ደስ ይለኛል። ማታ ግን ጆሮዬ ይጮሃል።» ከዚያ ደግሞ፣ «አንድ ቃል አምልጦኝ ነው፤ እናትሽ ነገረችኝ። ለሱ ደስ ይበለው ብዬ ነው የተናገርኩት፤ አባት የለውም ልጁ። ያንቺ ጆሮ እንዳለ ረሳሁ። መርሳት አልነበረብኝም» አለ።

አባዬ ይቅርታ ሲል እንዲህ ነው። ከዚህ የበለጠ አይመጣም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሊጡን ቆርጬ ሰጠሁት። ተቀበለኝ።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ናቲ አባት እንደሌለው እያወቅሁ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልራራሁለትም። ትንሽ ግን።

እንክብሎቹ ውሃው ላይ ብቅ ብቅ ሲሉ አባዬ ከበርጩማው ተነሥቶ ድስቱ ውስጥ አጎንብሶ አያቸው። ሰፌዱን እሱ ያዘልኝ፣ እኔ በጭልፋ አወጣሁ።

«አሠራሩን ለናቲ እንንገረው?» አለኝ።

ልንገረው አላለም። እንንገረው ነው ያለው።

«እስከ ቅዳሜ ላስብበት» አልኩት።

«አስቢበት» አለና ሰፌዱን ወደ መስኮቱ አስጠጋው።

ሰፌዱን እያየሁ ነው ይሄን የምጽፈው። አልወሰንኩም ገና።